ያልተከፈለ

ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ንብረት አነበበች፣ ከጣሪያ እስከ ባልዲ አንዱን ካንዱ ነጥላ፦
ማቀዝቀዣው ለእኔ፣ ሞተር ሳይክሉ ላንተ፤
ገበያው ዳር ያለው የቁልፍ መቅረጫ ዳስ፣ ከነዕዳው፣ ላንተ።
«የቀረ ነገር አለ?»
እጅህ ሳታዘው በሸሚዝህ ላይ ወርዶ
ከእምብርትህ በስተቀኝ ጠባሳው ላይ ዋለ።
አየሁህ። አየኸኝ።
«የለም» አልን አብረን።
ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አብረን አልተናገርን።

የግራዬ ነበረች።
ሬሲፌ በሰኔ ጎርፍ ስትርስ፣ ካፒባሪቤ ወንዝ ድልድዩን ሲልሰው፣
ከእኔ ጎን ተነሥታ ወዳንተ ተሻገረች።
ነርሷ ሉሲኔይዲ ኋላ እንደነገረችኝ፣
ሆድህ ገና ሳይሰፋ፣ ሽንት ጠብ ሲል አይተው
ሐኪሞቹ እልል ሊሉ ጥቂት ነው የቀራቸው።

ከዚያን ዕለት ወዲህ ክኒን ሆነ ራትህ፣
ነጩም፣ ወይን ጠጁም፣
የደምህን ዘበኛ አባብሎ ሊያስተኛ፤
«ባዕድ ነሽ፣ ውጪ» እንዳይላት እንደ ክፉ ዳኛ።
የሰው በር ለመዝጋት ቁልፍ ስትቀርጽ የኖርክ፣
የራስህን ደጅ ግን
ገርበብ አድርገህ እንድታድር ታዘዝክ።

ከፍቺው ሦስተኛ ዓመት፣ ኮሮና ገበያውን አሽጎ፣
ሰው ሁሉ ግማሽ ፊቱን በጨርቅ ሸሽጎ፣
እህትህ ደወለች፦ «ዤኒቫልዱን ትኩሳት ይዞታል፤ ሌሊቱን አደረ በሳል።»
ምን አገባኝ? ባሌ አይደል።
ግራ ጎኔን ነካሁት፤ ባዶው ቦታ ይግላል።

ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም፤ ስልክ ብቻ፣ በየቀኑ በአሥር ሰዓት።
«ምኑ ነሽ?»
ሚስቱ? አይደለሁም። እህቱ? ውሸት።
«በውስጡ ያለሁ ነኝ» አልኩ።
ወዲያ ማዶ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ፤
«ለጋሿ ነሽ?» አለኝ ከድካም የከሳ ድምፅ፣
እንደ ሐሜት ዝግ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

በሙያው ቃል ነገረኝ፤ እኔ ግን በሩን ብቻ ነበር የማየው፦
ክኒኑን ቢሰጡህ፣ ሌባው ቤቱን ያገኘዋል ያለ ጠባቂ፤
ቢነሡህ ይነቃል ዘበኛው፣
ግን እንግዳን ከሌባ አይደለም ለይቶ አዋቂ።
«ወይን ጠጁን አቁመናል፣ ነጩንም ቀንሰን፤
ኩላሊቱን ልናጣ እንችላለን፣ ሰውዬውን ብለን።»

«ትቅር» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።
ልብና ኩላሊት መርማሪው ይመስክር፤
ልቤን በፍርድ ቤት አስመልሼ ነበር፤
እሷን ግን ሁለት ጊዜ ሰጠሁ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ነገሩ ተገለበጠ።
ሳንባህ ነው የከዳህ፤ ማሽኑ እየነፋለት እንደ ድንጋይ ከበደ።
እሷ ግን፣ ያቺ እልኸኛ፣
ከአልጋው ሥር በተንጠለጠለው ከረጢት፣
መስመር በመስመር፣ ሰዓት በሰዓት፣
ስትሞላ አደረች፤
ማንም አልነገራት።

ቅጹን ያነበበችልኝ ሉሲኔይዲ ናት።
ለእንዳንተ ዓይነቱ ጠባብ ሳጥን አለች፦
«ኩላሊቱ እየሠራ ሞተ።»
ምልክት አድርገውባታል፣ በሰማያዊ ቀለም።

ለቀብር አራት ሰው ተፈቀደ። አምስተኛ ነበርኩ።
ከአጥሩ ውጪ ቆሜ፣ በዝናብ፣ ስቀበር አየሁ በከፊል፤
መበለት የሚለኝ ሕግ የለም፤
ጥቁር ብለብስ፣ ለማን ነው ልል?

በነሐሴ እህትህ የዳሱን ደብተር ይዛ መጣች፣ ዕዳህን ልታጣራ።
ለነሐስ ነጋዴው መቶ ዐሥር፣ ለመብራት ስድሳ፣
ለጎረቤትህ ለቀለም ቀቢው ዐሥራ አራት።
በመጨረሻው ገጽ፣
በዚያ እንደ ቁልፍ ጥርስ በተቆራረጠ ጽሕፈትህ፣
ስሜ አለ፦ ኢቮኔቴ።
ከጎኑ ቁጥር የለም።
ሰረዝ ብቻ፤
ከሰረዙ ቀጥሎ፦ ያልተከፈለ።